አራተኛው ትምህርት

በእንግሊዝ አገር ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክተው ፈተናውን ከመፈተኑ ከወራት በፊት ነው። ማመልከቻው ከሄደ በኋላ ከትምህርቶቹ አንዱን መተው ቢፈልግስ? በዚህ ምልልስ ማርታ በሰሜን ለንደን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ኢንጂነሪንግ ለመማር አመልክታለች። ጋሽ አበራ የእናቷ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ በዚያው በለንደን ለኤ ሌቨል፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና፣ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ሒሳብ ያስተምራሉ። ሰዎቹ የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ፈጠራ የለበትም።

ማርታ፦ ጋሼ፣ እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው በስልክ ያልነገርኩዎት። ፈርዘር ማትስን ልተወው ነው።

ጋሽ አበራ፦ ልትተዪው ነው ወይስ ተውሽው?

ማርታ፦ ገና ነኝ። ሰኞ ለትምህርት ቤቱ እነግራለሁ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ከነሱ ላይ ደግሞ ተጨማሪው ከፍተኛ ሒሳብ፣ ፈርዘር ማትስ። ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ሦስት ኤ ሌቨል ነው፤ እኔ አራት ተሸክሜ እዞራለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ጋሽ አበራ፦ እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች?

ማርታ፦ ተወች ማለት ለሷ ወደቀች ማለት ነው። «እኛ የወደድነውንም የጠላነውንም ተፈትነን ነው ያለፍነው» ትለኛለች።

ጋሽ አበራ፦ አትፍረጂባት። ዛሬም ቢሆን ኢትዮጵያ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንዴ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ከገባ በኋላ የመስኩን ፈተናዎች በሙሉ ይፈተናል፤ «ፊዚክስ ይቅርብኝ» ብሎ ነገር የለም። የሚታየው ድምሩ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናቸውን በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አገር የመጣ ሰው አንድን ትምህርት በገዛ ፈቃድ መተው ሽንፈት ቢመስለው አይገርመኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ።

ማርታ፦ የምን ቅደም ተከተል?

ጋሽ አበራ፦ እዚያ መጀመሪያ ትፈተኛለሽ፤ ውጤት ይመጣል፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትመርጫለሽ፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድብሻል። ፈተናው ከመድረሱ በፊት የማንም ዩኒቨርሲቲ ሰው ስምሽን አያውቀውም። አንቺ ማመልከቻሽን በማመልከቻ ማዕከሉ በዩካስ በኩል የላክሽው መቼ ነው?

ማርታ፦ ዲሴምበር ላይ። የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 14 ነበር።

ጋሽ አበራ፦ የምትፈተኚው ደግሞ ሜይና ጁን፤ ውጤቱ የሚመጣው ኦገስት። እንግዲህ አምስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስላንቺ የሚወስኑት ገና ባልተገኘ ውጤት ነው። በእጃቸው ያለው ከኤ ሌቨል በፊት የተፈተንሽው የጂ ሲ ኤስ ኢ ውጤትሽ፣ መምህራንሽ «ይህን ታመጣለች» ብለው የገመቱት፣ ስለ ራስሽ የጻፍሽው፣ ትምህርት ቤቱ ስላንቺ የመሰከረው፣ በመጨረሻም የያዝሻቸው ትምህርቶች ዝርዝር ነው። አሁን ልትነኪ የተነሣሽው ያንን ዝርዝር ነው።

ማርታ፦ አሠራሩ ራሱ ልክ ነው እንዴ? በግምት ሰውን መቀበል ምን ይባላል?

ጋሽ አበራ፦ ልክ አይደለም ያሉ ብዙ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በስቲቨን ሽዋርትዝ የተመራ ቡድን ምርጫው ከውጤት በኋላ ይሁን ብሎ ለመንግሥት አቅርቧል። በ2021 መንግሥት ራሱ ነገሩን አንሥቶ ሕዝብ አወያየ፤ በ2022 ግን ባለበት ይቀጥላል ብሎ ዘጋው። ስለዚህ አንቺ የምትማሪው ቃል በሚቀድምበት፣ ፈተና በሚከተልበት አገር ነው።

ማርታ፦ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም አራት ጀምሮ በሦስት ጨርሷል። ማንም ምንም አላለውም፤ ዛሬ ሐኪም ነው።

ጋሽ አበራ፦ ዕድሜው ስንት ነው?

ማርታ፦ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ቢሆነው ነው።

ጋሽ አበራ፦ እሱ የተማረው በ2000 በተጀመረው ሥርዓት ነው። በዚያን ጊዜ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ኤ ኤስ የሚባለውን ይፈተን ነበር፤ ያ ውጤት የሙሉው ኤ ሌቨል ግማሽ ሆኖ ይያዝለታል። አብዛኛው ተማሪ አራት ጀምሮ አንዱን እዚያ ላይ ይተዋል። መተው የአሠራሩ አካል ነበር፤ ያንን የተወም ባዶ እጁን አይወጣም፣ የኤ ኤስ ሰርተፊኬቱን ይዞ ነው። ከ2015 ጀምሮ ግን እንግሊዝ ውስጥ ኤ ኤስን ከኤ ሌቨል እየለዩት መጡ፤ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ግን አልለዩትም። ዛሬ አንቺ ፈርዘር ማትስን ብትተዪ የዓመት ከመንፈቅ ልፋትሽን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አይኖርሽም።

ማርታ፦ ስለዚህ ልቀጥል ነው የሚሉኝ?

ጋሽ አበራ፦ አላልኩም። ለፍቼበታለሁ ተብሎ ብቻ አይቀጠልም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ እስቲ የመጡልሽን መልሶች ስልክሽ ላይ ክፈቺና አንብቢልኝ። ደረጃውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቃል።

ማርታ፦ አንዱ አልተቀበለኝም፤ እሱ ይቅር። የመጀመሪያው የቅበላ ቃል፣ ኦፈሩ፣ «ኤ ስታር፣ ኤ፣ ኤ፤ ሒሳብና ፊዚክስን ጨምሮ» ይላል። ሁለተኛው «136 ነጥብ ከሦስት ኤ ሌቨል፤ ሒሳብን ጨምሮ»።

ጋሽ አበራ፦ ነጥቡን አስልተሽዋል?

ማርታ፦ ኤ ስታር 56 ነው፣ ኤ 48፣ ቢ 40። ሁለት ኤ እና አንድ ቢ 136 ይሆናል። አራተኛው ቢጨመር ኖሮ ያለ ጭንቀት አልፈው ነበር፤ «ከሦስት» ስለሚል ግን አይቆጠርልኝም።

ጋሽ አበራ፦ አየሽ፣ አንዲት ቃል ስንት ነገር ትወስናለች። «136 ነጥብ» ብሎ ቢያቆም ሌላ ነበር። ሦስተኛው?

ማርታ፦ ሦስተኛው… የምፈልገው እሱን ነው። «ኤ ስታር፣ ኤ ስታር፣ ኤ፤ ሒሳብ ኤ ስታር፣ ፈርዘር ማትስ ቢያንስ ኤ»።

ጋሽ አበራ፦ ስሙን ጠርቶታል።

ማርታ፦ አውቃለሁ ጋሼ። ግን በኬሚስትሪና በፊዚክስ ጥሩ ካመጣሁ ኦገስት ላይ አይጨክኑብኝም ብዬ ነው።

ጋሽ አበራ፦ ይህ ምኞት ነው እንጂ ዕቅድ አይደለም። ኦፈር ላይ ትምህርቱ በስም ከተጠራ ያ ትምህርት ራሱ ቅድመ ሁኔታ ነው። ውጤቱ ከፈተና ቦርዶቹ በዩካስ በኩል ለዩኒቨርሲቲዎቹ ይደርሳል፤ በጠሩት ትምህርት ፊት ምንም ውጤት ካላገኙ ሁኔታው አልተሟላም ማለት ነው። ሊራሩልሽ ይችሉ ይሆናል፤ ግዴታ ግን የለባቸውም። አራተኛውስ መልስ?

ማርታ፦ ገና አልመጣም። እያዩት ነው።

ጋሽ አበራ፦ በይ እንግዲህ። «ልተወው አልተወው» የሚለው አንድ ጥያቄሽ አራት ሆነ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የትምህርቱን ስም አላነሣም፤ አንዱ ከሦስት ትምህርት ነጥብ ይፈልጋል፤ አንዱ በስም ጠርቶታል፤ አንዱ ደግሞ አራት ትምህርት አላት ብሎ ማመልከቻሽን ይዞ ተቀምጧል። ለአራቱም አንድ መልስ የለም።

ማርታ፦ ሁለቱ ስሙን ካላነሡት ለምን እነግራቸዋለሁ? ራሴ ላይ ነገር መጥራት አይሆንም?

ጋሽ አበራ፦ የላክሽው ማመልከቻ እውነትና ሙሉ ነው ብለሽ አረጋግጠሻል። ወደ ዩካስ ከሄደ በኋላ ደግሞ የትምህርት ዝርዝሩን ገብተሽ ራስሽ አትለውጪውም፤ የሚያውቁት እስከነገርሻቸው ድረስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያላነሣው ላያስፈልገው ስለሚችል ነው፤ ግን የተቀበለሽ ከነአራተኛው አይቶሽ ሊሆንም ይችላል። «ችግር የለውም» የሚለውን እነሱ ይበሉት እንጂ አንቺ አትበዪላቸው። ብዙ ጊዜ መልሳቸው በጎ ነው፤ ኦክስፎርድ እንኳ ኦፈሩን በአብዛኛው የሚሰጠው በሦስት ኤ ሌቨል ነው። ካምብሪጅ ግን ሒሳብ ለሚማር ሰው ፈርዘር ማትስን ይፈልጋል። እንደ ትምህርቱና እንደ ቦታው ስለሚለያይ ነው ጠይቂ የምልሽ።

ማርታ፦ እያዩት ያለው ሰምቶ ቢሰርዘኝስ?

ጋሽ አበራ፦ ሊሰርዝሽ ይችላል። ሳትነግሪው ቢቀበልሽ ግን ያ ቦታ የሚቆመው በሌለ ነገር ላይ ነው፤ ኦገስት ላይ ይታያል። ያኔ ክሊሪንግ ውስጥ ገብተሽ የተረፈ ቦታ መፈለግ ነው። እሱን ለሌላ ቀን እንተወውና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ፈርዘር ማትስ?

ማርታ፦ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነዋ! በሳምንት የሚወስደው ሰዓት፣ የቤት ሥራው… በሙከራ ፈተናው ኬሚስትሪዬ ሁሉ ወደ ቢ የወረደው በሱ ነው።

ጋሽ አበራ፦ ከኦፈሮችሽ ውስጥ ኬሚስትሪን በስም የጠራ አለ?

ማርታ፦ … የለም።

ጋሽ አበራ፦ ታዲያ ኬሚስትሪን ምን ልትሠሪበት ያዝሽው?

ማርታ፦ እማዬ ናታ። «ምናልባት ሐሳብሽን ብትለውጪ ለሕክምና ይሆንሻል» አለች። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ኬሚስትሪ ይጠይቃሉ።

ጋሽ አበራ፦ ለሕክምና ማመልከቻው የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው። ዩካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም አልወሰድሽም። ለዘንድሮ ያ በር ተዘግቷል። አንቺ የምትፈልጊውን በር የሚከፍተውን ትምህርት ጥለሽ በተዘጋው በር ፊት ልትቆሚ ነው።

ማርታ፦ ጋሼ፣ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ኬሚስትሪ ይቀለኛል፤ ተመልሶ ኤ ይሆናል። ፈርዘር ማትስ ላይ ግን ኤ አመጣለሁ ብዬ አልምልም። ኬሚስትሪን ትቼ ፈርዘር ማትስ ቢ ቢሆን የመጀመሪያውንም ሦስተኛውንም ኦፈር አጣለሁ። ከሁለት ያጣ መሆን እሱ ነው።

ጋሽ አበራ፦ አሁን ነገሩን በትክክል አነሣሽው። ፈርዘር ማትስን ብትተዪ ሦስተኛው ላይ ጨርሰሻል፤ ኬሚስትሪን ብትተዪ የመጀመሪያው ላይ አደጋው ይጨምራል፤ አራቱንም ብትይዢ መጠባበቂያ ይኖርሻል፤ ግን ሰዓቱ ይበቃሻል ወይ ነው። ስለዚህ ከመተዉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ፈርም፣ ማለትም ዋና ምርጫ፣ አድርገሽ የምትይዢው የቱን ነው የሚለው ነው። መልሶቹ ሁሉ ሲመጡ አንዱን ፈርም፣ አንዱን ደግሞ ለመጠባበቂያ ኢንሹራንስ ብለሽ ሌሎቹን ትለቂያለሽ። ሦስተኛውን ፈርም ካደረግሽ ፈርዘር ማትስ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። የመጀመሪያውን ካደረግሽ ደግሞ የመተው ነፃነትሽ ሰፊ ነው።

ማርታ፦ ኢንሹራንሱ ሁለተኛው ቢሆንልኝ ይሻላል፤ ዝቅ ያለ ነው። አንዱን ትምህርት ብተውም በሦስቱ 136 አላጣም።

ጋሽ አበራ፦ ጥሩ አስበሻል። ኢንሹራንስ ተብሎ ከፈርሙ እኩል የሚከብድ ቦታ መያዝ ለብዙ ልጅ ጥፋት ነው።

ማርታ፦ መሐል መንገድ የለም? ሁሉንም ሳልጥል?

ጋሽ አበራ፦ አለ፤ ትምህርት ቤትሽ ከፈቀደ። ፈርዘር ማትስን ሙሉውን ሳይሆን በኤ ኤስ ደረጃ ሜይና ጁን ላይ መፈተን ይቻላል። ከኤ ሌቨሉ ስለተለየ ለብቻው የቆመ ማረጋገጫ ነው፤ ኤ ብታመጪ በዩካስ ነጥብ 20 ይሆናል። ለሁለተኛው ኦፈርሽ አይጠቅምም፤ «ከሦስት ኤ ሌቨል» ብሏል። በስም የጠራው ግን ኤ ኤሱን ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮምፕሌክስ ነምበርና ማትሪክስ ነክተሽ መምጣትሽ ራሱ ለኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዓመት ይጠቅማል፤ እነሱም ያንን ያውቃሉ።

ማርታ፦ የሚገርመኝ እንግሊዞቹ ራሳቸው «ሦስት ያንሳል» እያሉ መጨቃጨቃቸው ነው። ሪሺ ሱናክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ ተማሪ አምስት ገደማ ይማር አላለም ነበር?

ጋሽ አበራ፦ በ2023 ኦክቶበር አድቫንስድ ብሪቲሽ ስታንዳርድ ብሎ አቀረበ፤ የሌበር መንግሥት በ2024 ጁላይ ሰረዘው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ሦስት ትምህርት ብቻ ይዞ ዓለሙን ማጥበቡ ብዙ መምህራንን ያሳስባል። ግን ያንን ክርክር በአንቺ የጥናት ሰዓቶች ላይ አንፈታውም። አሁን የምጠይቅሽ፣ አንዱን ብትተዪ የሚለቀቀው ጊዜ የት ይገባል?

ማርታ፦ ወደ ሌሎቹ ይሄዳላ።

ጋሽ አበራ፦ ብቻውን አይሄድም። ብዙ ልጆች አንድ ትምህርት ሲተዉ አይቻለሁ፤ ያተረፉት ለሚለቀቀው ሰዓት ገና ሳይለቀቅ ስም የሰጡት ናቸው። «ማክሰኞ ከሰዓት የፊዚክስ ያለፉ ፈተናዎች፣ ሐሙስ የሒሳብ» ካላልሽ ያ ሰዓት እንቅልፍና ስልክ ይሆናል። ደክሞሽ ከሆነም ደክሞኛል በዪ፤ እሱም ምክንያት ነው። ግን ከድካም የተነሣ መተውና ለውጤት ብሎ መተው አንድ ደብዳቤ አይወጣቸውም።

ማርታ፦ ደክሞኛል። ግን ሦስተኛውን ቦታ እፈልገዋለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጋሽ አበራ፦ እንግዲያው ለሰኞ ያሰብሽውን ገልብጪው። መጀመሪያ የሒሳብ መምህርሽን «በፈርዘር ማትስ ኤ የማምጣት ዕድሌ ምን ያህል ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሚያባብል ሳይሆን እውነቱን የሚነግርሽን ምረጪ። ቀጥሎ የኤ ኤሱን ነገር ለትምህርት ቤቱ አንሺ፤ ስማችሁን ለፈተና ቦርዶቹ የሚያስተላልፉት ፌብሩዋሪ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ይሁን። ከዚያ ለአራቱም ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ክፍል ኢሜይል ላኪ። ለእያንዳንዱ ለየብቻው፤ አንድ ጽሑፍ ለሁሉም አትበትኚ።

ማርታ፦ ምን ብዬ?

ጋሽ አበራ፦ ስምሽን፣ የዩካስ ቁጥርሽን፣ ያመለከትሽበትን ትምህርት። ከዚያ በአራት መስመር፤ «ከያዝኳቸው አራት ኤ ሌቨሎች ይህን ለመተው አስቤያለሁ፤ ምክንያቴ ይህ ነው፤ በቀሩት ሦስቱ የተገመተልኝ ውጤት ይህ ነው፤ ኦፈሬ በዚህ ይጸናል ወይ?» ለሦስተኛው ኬሚስትሪን መተውንና ኤ ኤሱን ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቂው። በስልክ ቢመልሱልሽም በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ለምኚ። መልሱ እስኪመጣ ክፍል ግቢ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ። መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ መተው። ይህን ቅደም ተከተል ካልገለበጥሽው የትኛውንም ብትተዪ የሚጎዳሽ አይመስለኝም።

ማርታ፦ ሦስተኛው አይሆንም ቢለኝስ?

ጋሽ አበራ፦ ሌላው ልጅ ኦገስት ላይ የሚሰማውን አንቺ አሁን ሰማሽ ማለት ነው። ወይ በፈርዘር ማትስ ትጠነክሪያለሽ፣ ወይ ልብሽን ወደ መጀመሪያው ትመልሻለሽ። ለሁለቱም ወራት አሉሽ።

ማርታ፦ አንድ ነገር ቀረ። ኬሚስትሪን የምተው ከሆነ እማዬ ሕክምናው እንዳከተመ ታውቃለች። ይህ ከፈርዘር ማትሱ ይብሳል።

ጋሽ አበራ፦ ኢንጂነሪንግ ማመልከትሽን አታውቅም እንዴ?

ማርታ፦ ታውቃለች። ኬሚስትሪው እስካለ ድረስ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ እኔም ዝም ብያታለሁ።

ጋሽ አበራ፦ እንግዲያው ያንን ትምህርት ይዛ የቆየችው እሷም ነች፤ ስለዚህ ልትጠይቂያት የሚገባሽ አምስተኛዋ ሰው እሷ ናት። ለዩኒቨርሲቲዎቹ ሳትነግሪ አትተዪ ያልኩሽ ለሷም ይሠራል። ለነሱ ኢሜይል ይበቃል፤ ለሷ ግን ቁጭ ብለሽ ነው የምትነግሪያት። ኦፈሮቹን ለኔ እንዳነበብሽልኝ ቃል በቃል አንብቢላት፤ የትኛው ትምህርት የትኛውን ቦታ እንደያዘ ስታይ «ወደቀች» አትልም።

ማርታ፦ እርስዎ አብረውኝ ቢኖሩስ?

ጋሽ አበራ፦ እሑድ እመጣለሁ። ግን ወሬውን የምትጀምሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ስትጠይቀኝ ብቻ ነው የምናገረው።